ጽሑፋችንን ማን ይስማልን? ከላንቴ የሙዝ ዳስ የተነሣ ሐሳብ



አንድ እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ ላንቴ ውስጥ ሙዝ የሚጫንበት ዳስ ሥር ሰባት ሆነን ተቀመጥን። ላንቴን ለማታውቁ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በመስኖ ሙዝ የምታለማ ቀበሌ ናት። አዲስ አበባ የምትበሉት ሙዝ ከእኛ ሰፈር ተጭኖ የሄደ ሊሆን ይችላል። የዚያን ቀን ግን መኪና ስላልነበረ ዳሱ ባዶ ነበር። የሰበሰበን አንዲት እህታችን የጻፈችው ተውኔት ነው።

ተውኔቱ ስለ መስኖ ውኃ ተራ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አሉ፤ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን። ለሠላሳ ዓመት አብረው ቡና ጠጥተዋል፣ በሐዘን ተላቅሰዋል። አንድ ሌሊት የአንዱ ተራ ሲደርስ ውኃው ሳይመጣ ይቀራል። ማን ሰበረው? ማን ጠለፈው? ጭቅጭቁ ከዚህ ይነሣል። እህታችን ይህንን በሁለት ደብተር በእጇ ጽፋ፣ ሲቀላ ወርዳ አስተይባ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ትራሷ ሥር አስቀምጣው ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤትም አስገብታ ነበር። መልስ የለም። «ይቅርታ፣ አልተቀበልነውም» የሚል ቃል እንኳ አልደረሳትም።

እኛ ተዋናይ አይደለንም። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ተማሪ ነው፣ አንዱ መድረሳ ያስተምራል። ወረቀቱን ተከፋፈልንና እንደ አቅማችን አነበብነው። እሷ ከኋላ፣ ከእህቷ ጋር፣ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። ሥራ ፈተው ጥላ ፍለጋ የመጡ ሦስት አራት ጫኞችም ጆሮ ሰጡን።

ሁለተኛው ትዕይንት ላይ የቤቱ አባወራ በሌሊት ቦዩ ዳር ቆሞ ስለ ሕይወቱ የሚናገረው ረጅም ንግግር አለ። ሁለት ገጽ ተኩል ይሆናል። ቋንቋው በጣም ያምራል። እኔ ነበርኩ የማነበው፤ እውነቱን ልናገር፣ በድምፄ ተደስቼ ነበር። መሀል ላይ ከጫኞቹ አንዱ ድንገት እንዲህ አለ፦

«ኧረ ይሄ ሰውዬ! ተራው እኮ ሰዓት አለው። እሱ ሲያወራ ውኃው አለፈ!»

ሁላችንም ሳቅን። ቀና ስል እህታችን አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ እየጻፈች ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ያመጣችው ጽሑፍ ላይ ያ ሁለት ገጽ ተኩል አራት መስመር ሆኗል። ሰውዬው አካፋውን ይዞ እየሠራ፣ እየቆረጠ እየቆረጠ ይናገራል። ስናነበው ከጫኞቹ አንድም ሰው አልተናገረም። ዝም ብለው ሰሙ።

ያ ጫኝ የቴአትር ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ነገር ግን በሌሊት ውኃ ጠብቆ ያውቃል። ለጸሐፊዋ ከማንም በላይ ያስፈለጋት እሱ ነበር። ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ያ ቀን ነው። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወጣቶቻችን መጻፍ አላቃታቸውም፤ የቸገራቸው የመጀመሪያ ሰሚ ማጣት ነው። ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በክልላችን በየዓመቱ አዲስ ተውኔቶች በድምፅ የሚነበቡበት ፌስቲቫል ያስፈልገናል።

የተውኔት ንባብ ሲባል ምንድን ነው?

ሙሉ ቴአትር አይደለም። ግጥም እንደሚነበብበት ምሽትም አይደለም። አራት አምስት አንባቢዎች ወረቀታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ ወይም ይቆማሉ። እያንዳንዱ የአንድ ወይም የሁለት ገጸ ባሕርያትን ቃል ይይዛል። አንድ ሰው ደግሞ የመድረክ መግለጫውን ያነባል፤ «ሌሊት ነው፤ ከሩቅ የውኃ ድምፅ ይሰማል» እያለ። ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ አልባሳት፣ መብራት፣ ሜካፕ የሚባል ነገር የለም። ልምምዱ ወር አይፈጅም፤ አንድ ሁለት ቀን ይበቃል። ሙሉው ንባብ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከንባቡ በኋላ ነው። ሰሚው ሳይበተን ውይይት ይደረጋል። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ ይሰማል እንጂ አይከራከርም። ጥያቄዎቹም ቀላል ናቸው፦ የት ጋ ሰለቻችሁ? ማንን ተከተላችሁ? ያልገባችሁ ምንድን ነው? ያላመናችሁትስ? «ጎበዝ»፣ «በርታ» የሚል ጭብጨባ ደስ ያሰኛል፤ ሥራ ግን አያሻሽልም። «እሱ ሲያወራ ውኃው አለፈ» የሚለው ነው የሚያሻሽለው።

ተውኔት ከልቦለድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ልቦለድ ብቻህን ጽፈህ፣ አንባቢው ብቻውን ያነበዋል። ተውኔት ግን በሰው አፍ ካልተነገረና በሰው ጆሮ ካልገባ ገና አልተጠናቀቀም። በወረቀት ላይ ያማረው ቃል አፍ ውስጥ ሲገባ የሚደናቀፍበት ጊዜ አለ። ጸሐፊው ይህንን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲያነብለት ብቻ ነው።

ይህ ነገር ሌላ ቦታ ምን አመጣ?

በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ዋተርፎርድ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዩጂን ኦኒል የቴአትር ማዕከል ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ አዳዲስ ጸሐፌ ተውኔቶች በየክረምቱ እየተመረጡ ወደዚያ መሄድ ጀመሩ። ተዋናዮች ወረቀት በእጃቸው ይዘው ያነቡላቸዋል፣ ተመልካች ይሰማል፣ ጸሐፊው ሌሊቱን ያስተካክላል።

ኦገስት ዊልሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ትምህርቱን በ15 ዓመቱ አቋረጠና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ራሱን አስተማረ። ወደዚህ ማዕከል ተውኔት ላከ፤ አልተቀበሉትም። ደግሞ ላከ፤ አልተቀበሉትም። ደጋግመው መለሱት። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን አንዱን ሥራውን ተቀበሉትና ተነበበ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሥራ በኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች መድረክ ላይ ወጣ። ሰውየው ከዚያ በኋላ የፑሊትዘርን ሽልማት ሁለት ጊዜ ወሰደ። ስለ ጥቁሮች ሕይወት ከጻፋቸው ዐሥር ታዋቂ ተውኔቶች ዘጠኙ የሚካሄዱት ባደገበት ሰፈር፣ በፒትስበርግ ሂል ዲስትሪክት ነው። ልብ በሉ፤ የራሱን ድሀ ሰፈር እየጻፈ ነው ዓለም የሰማው።

«አሜሪካ ገንዘብ አላት» የሚል ካለ ወደ ጎረቤት እንምጣ። የካምፓላ ዓለም አቀፍ የቴአትር ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀመረ። የምሥራቅ አፍሪካ ጸሐፊዎች አዳዲስ ሥራዎቻቸውን ይዘው የሚገናኙበት ነው፤ በሙሉ ዝግጅት የሚታይ አለ፣ በንባብ ብቻ የሚቀርብም አለ። በመጀመሪያው ዓመት ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ የኢትዮጵያዊቷ ጸሐፌ ተውኔት የመዓዛ ወርቁ ነበር። የእኛ እህት ለመሰማት ካምፓላ ድረስ ከሄደች፣ የላንቴዋ ልጅ ለመሰማት አርባ ምንጭ ድረስ መሄጃ ልታጣ አይገባም ነበር።

ለምን እዚህ? ለምን እኛ?

የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ኮሜዲያ ጽፈው በአዲስ አበባ ባሳዩ ጊዜ፣ ነገሩ ሹማምንቱን ይነካል ተብሎ ታገደ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚያቀርበው በአብዛኛው ከላይ የታዘዘውን ነበር። የሰፈር ልጅ የራሱን ጥያቄ ጽፎ፣ የራሱ ሰፈር ሰው ሰምቶ የሚያርምበት ቋሚ ቦታ ግን በየገጠር ከተማው አልተሠራም።

በዚህ ምክንያት የምንከስረው ምንድን ነው? አንድ ምሳሌ ልስጥ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ብዙ የጋሞ ልጆች ሞቱ፣ ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ደሙ ፈልቶ ለበቀል ወጣ። ያኔ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቱም ቆመ። ሣር የያዘ ሽማግሌ ታልፎ አይሄድማ! በዚያች ሰዓት ከተማችን ውስጥ ሊፈስ የነበረ ደም ሳይፈስ ቀረ፤ አልሐምዱሊላህ።

እስቲ አስቡት። ከዚህ የበለጠ ተውኔት የሚሆን ነገር አለ? ፊት ለፊት የቆሙ አባትና ልጅ አሉ። ሁለቱም አዝነዋል። አንዱ ድንጋይ ይዟል፤ አንዱ ሣር። ከመንበርከካቸው በፊት ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ተባባሉ? አንዱ የራሱን ዘመድ ያጣ ቢሆንስ? ድንጋዩን የጣለው ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ ለእናቱ ምን አላት? ይህንን በዜና ሰምተናል፣ በፎቶ አይተናል። የውስጡን ነገር ግን ዜና አይነግረንም፤ ፎቶም አይነግረንም። ሊነግረን የሚችለው እዚያ አደባባይ የነበረ፣ ዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት የሆነው፣ ጽሑፉን ትራሱ ሥር የደበቀ ልጅ ነው። እሱ ካልጻፈው፣ ቢጽፈውም ሰሚ ካጣ፣ አንድ ቀን ሩቅ አገር ያለ ሰው ይጽፈውና እኛ ትኬት ቆርጠን እናየዋለን። ስማችንን አጣሞ እየጠራ።

ደግሞ የጋሞ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ዱቡሻን እናውቃለን፤ ሕዝብ በክብ ተቀምጦ፣ ተራ ጠብቆ የሚናገርበት፣ ሌላው ሳያቋርጥ የሚሰማበት አደባባይ። የተውኔት ንባብ ማለት ለእኔ እንደ ዱቡሻ ነው። ልዩነቱ መሀል ላይ የሚቀመጠው ክስ ሳይሆን ታሪክ መሆኑ ነው።

እኛ ሙስሊሞችም እንግዳ አይደለንም። የወሎ ዑለሞች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም እየጻፉ መንዙማ ሲያዘጋጁ፣ ለብቻ ተቀምጦ ለሚያነብ ብቻ ብለው አልነበረም። አንዱ ይለዋል፣ ጀመዓው ይቀበለዋል፤ ማንበብ የማይችለውም በጆሮው ተምሮ ይሄዳል። ተጽፎ በጋራ የሚሰማ ቃል የቆየ ሀብታችን ነው።

የሚነሡ ጥያቄዎች

ይህንን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሣ ሦስት ነገር ይሉኛል። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ አልፋቸው ዘንድ አልወድም።

አንደኛው፦ «ሰው ወረቀት ሲነበብ ለመስማት አይመጣም።» ይህንን የሚል ሰው ሬዲዮን ረስቷል። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል ተላልፏል። መብራት የለውም፣ አልባሳት የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። አድማጮች የጻፉለት ደብዳቤ ግን ከ15 ሺህ በላይ ነበር። ቤተሰብ ሬዲዮ ከቦ ትንፋሹን ውጦ ይሰማ ነበር። ሰዉ ለመስማት አልሰነፈም፤ የሚሰማው የራሱ ታሪክ ከሆነ ይሰማል። የእኛ ጫኞችም ያለ ግብዣ ነበር የመጡት።

ሁለተኛው፦ «ጽሑፌን ይሰርቁኛል።» ይህ ፍርሃት ብዙ ደብተር ትራስ ሥር አስቀርቷል። መቼም ስርቆት የለም አልልም። ግን እንወቅ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊውን መብት ይጠብቃል፤ ጥበቃውን ለማግኘት የግድ መመዝገብም አያስፈልግም። አዋጁ የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ እንጂ ሐሳቡን ብቻ አይደለም። «ስለ ውኃ ተራ ልጽፍ አስቤ ነበር» ብሎ መክሰስ አይቻልም። የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ ሰማንያ ሰው ፊት የተነበበ ሥራ ግን ሰማንያ ምስክር አለው። እንዲያውም ለሌባ የሚመቸው ማንም ያልሰማው ደብተር ነው።

ሦስተኛው፦ «ቴአትር ለሙስሊም ወጣት ይሆናል ወይ?» እዚህ ላይ ፈትዋ ለመስጠት ደረጃውም ዕውቀቱም የለኝም። የሚያመነታ ወንድምና እህት የሚያምናቸውን ዑለሞች ይጠይቅ። እኔ የምለው ስለ ንባቡ አሠራር ነው። በንባብ ላይ ሁሉም በራሱ ልብስ፣ በራሱ ክብር ይቀመጣል። መነካካት የለም፤ ሌላ መስሎ መኳኳል የለም። ሰዓቱ በሶላት መሀል እንዲገባ ማድረግ ይቻላል፤ እኛ ዐስር ሰግደን ጀምረን ለመግሪብ ተነሥተናል። መድረክ መውጣት የማትፈልግ እህትም ቃሏ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ከኋላ ሆና መስማት ትችላለች።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይምሰላችሁ። በየቤታችን የሚጽፉ እህቶች አሉ፤ ሞልተዋል። መድረክ የሚባለው ነገር ሁሉ «ውጪና ታዪ» የሚል ከሆነ እነሱ ከጨዋታው ውጭ ናቸው። ንባብ ግን «ጻፊና ይሰማልሽ» ይላል። ሙስሊም ገጸ ባሕርይ በየድራማው ሱቅ ጠባቂ ብቻ ሆኖ የሚቀርበው ለምንድን ነው ብለን ስንት ጊዜ ተማረርን? ምሬት ገጸ ባሕርይ አይፈጥርም። ቤቱን የሚያውቀው ሰው ነው የሚፈጥረው።

እንዴት ይሁን?

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ሲመሠረት ዐሥራ ሁለት ዞኖችን ይዞ ነው። ከየዞኑ አንድ አዲስ ተውኔት ቢመጣ ዐሥራ ሁለት ይሆናል። አራት ቀን፣ በቀን ሦስት ንባብ፤ አለቀ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አለባት፣ አዳራሽ አላት፣ ሲቀላና ሴቻ ማደሪያ ሞልቷል። ከአራቱ ቀን አንዱ ግን ከአዳራሽ ወጥቶ ላንቴን ወደመሰለ ቀበሌ ይምጣ። ጫኙ፣ ገበሬው፣ ባለ ጉሊቷ ቁጭ ብለው ይስሙ።

ጥቂት ደንቦች ከወዲሁ ቢታሰብባቸው እላለሁ፦

1. ምርጫው የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ ይሁን። መራጩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት ሳያውቅ ጽሑፉን ብቻ ያንብብ።

2. ለማንም «አልተቀበልንህም» ብሎ ዝም አይባል። ላልተመረጠው ቢያንስ ግማሽ ገጽ አስተያየት ይጻፍለት። ዊልሰን ደጋግሞ ወድቆ ነው የገባው፤ የእኛ ልጅ ግን መውደቁን እንኳ የሚነግረው የለም።

3. በጋሞኛ፣ በወላይትኛ፣ በጌዴኦኛ፣ በኮንሶኛ የተጻፈ ሁሉ ይምጣ። ቋንቋውን የማያውቅ ሰሚ ቢኖር ከየትዕይንቱ በፊት በአማርኛ አጭር ማብራሪያ ይነገረው። በንባብ መድረክ ላይ ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ የመድረክ መግለጫውን የሚያነበው ሰው ሊሠራው ይችላል።

4. አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብሎ ሽልማት አይሰጥ። ሽልማት ሲገባ ሰሚው ዳኛ ይሆናል፣ ጸሐፊውም ለዳኛ ይጽፋል። ለተነበበው ሁሉ የትራንስፖርትና የወረቀት ወጪ ይሸፈን፤ ያ ይበቃል።

5. በዓመቱ አስተካክሎ ለሚመጣ ጸሐፊ ሁለተኛ ንባብ ይፈቀድለት። ትምህርቱ ያለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሀል ነው።

«ማን ይጀምረው?» ትሉኝ ይሆናል። ባህልና ቱሪዝም ቢጀምረው ደስ ይለናል፤ ዩኒቨርሲቲው ቢያስተናግደው ይችላል። እስከዚያ ግን በሩን እያየን አንቀመጥ። እኛ የከፈልነው የወረቀት ኮፒና አንድ ፔርሙስ ሻይ ነው። ወንበሩን ከጎረቤት ተውሰናል። ይህንን ማድረግ የማይችል ከተማ የለም። ሻሸመኔ ያለህ፣ ደሴ ያለሽ፣ ጅማ፣ ወራቤ፣ ሐላባ ያላችሁ ሁሉ፦ አምስት ሰው ጥሩ፣ አንድ ጽሑፍ አውጡ፣ አንብቡት። ፌስቲቫሉ ከላይ እስኪመጣ ድረስ ከታች የተለማመደ ሰሚና የታረመ ጽሑፍ ይጠብቀው።

የእህታችን ተውኔት አሁን ሦስተኛው እትም ላይ ነው። መጨረሻው ገና አልተስማማንበትም። አንዱ ጎረቤታሞቹ መታረቅ አለባቸው ይላል፤ ያ ጫኝ ደግሞ «ውኃው መጀመሪያ ይምጣ፣ ዕርቁ ኋላ ይደርሳል» ይላል። እሷ ምንም አትልም፤ ትጽፋለች። በሚቀጥለው እሑድ፣ ኢንሻ አላህ፣ ከዐስር በኋላ እንገናኛለን። መኪና ካልመጣ እዚያው ዳሱ ሥር፣ ከመጣ ደግሞ ማንጎው ሥር።